ምዕራፍ ሁለት እና አባባ

ሰኞ፣ ሰኔ 2፤ ጠዋት
ደግሞ ምዕራፍ ሁለት። የአውሮፓውያን የባህል ንድፈ ሐሳብ ታሪክ። ዶክተሩ፣ አማካሪዬ፣ ረቂቁን መልሶልኛል። የሥልጣኔ መሰላሉ ይግባ ይላል። ያው የድሮዎቹ ሊቃውንት የሠሩት፤ ከታች አረመኔ፣ ከላይ ራሳቸው። ያለሱ ታሪኩ ጎዶሎ ነው አለ። ልክ ነው፤ የሚያናድደኝም ልክነቱ። አስገባሁት። መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ ሊሞት ነው። እኔም።

ማክሰኞ፤ ከሰዓት
ጉድ ፈላ! አባባ ከአገር ቤት፣ ከወርቃ ደወለ። ዓርብ የማስተርስ ጽሑፌ ዲፌንስ ላይ ብቻውን የሚመጣ መስሎኝ ነበር። የሶንጎውን፣ የጌዴኦን የዳኝነት ሸንጎ፣ ሽማግሌዎች ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው። ሶንጎ ላይ ነገር የሚጀመረው በምርቃት ስለሆነ፣ መጀመሪያ መርቀውኝ ከዚያ እናገራለሁ። ት/ክፍሉ በደስታ ሞተ። ለእንግዶቹ ማጠቃለያውን በአማርኛ አንብቢ ተባልኩ። እሺ አልኩ።
አስበው እስቲ፣ ማስታወሻዬ። ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚዳኙ ሽማግሌዎች ይመርቁኛል። እኔ ደግሞ ተነሥቼ፣ በመሰላሉ ላይ ቦታችሁ ከታች ነው እላቸዋለሁ። ወይኔ!

ረቡዕ፤ ጠዋት
መሰላሉ በእንግሊዝኛ ምንም አይመስልም ነበር። በአማርኛ ያቃጥላል። "ኋላ ቀር" ጻፍኩ፤ አጠፋሁ። "ገና ያልዳበረ"። ይሄ ባሰ! በመጨረሻ መሰላሉን ከአማርኛው አወጣሁት። በእንግሊዝኛው አለ፣ በአማርኛው የለም። ሽማግሌዎቹ እንግሊዝኛ አይሰሙም። ተገላገልኩ።

ሐሙስ፤ 10 ሰዓት
አልተገላገልኩም። አባባ ዛሬውኑ መጣ፤ ቆጮ ተሸክሞ፣ እያጉረመረመ። ጠዋት ሶንጎው ላይ የድንበር ክርክር ለመዳኘት ተቀምጠው ነበር። ተከሳሹ ገደብ ከተማ ታሞ ተኝቷል ተባለ። ሰው በሌለበት አይፈረድምና ተበተኑ። ቀኑ በከንቱ ሄደ ብሎ ተናደደ። ከዚያ ረሳው፤ ነገ የሚመርቀኝን ምርቃት ይለማመድ ጀመር። በጌዴኦኛ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ልጄ ስለ እኛ ልትናገር ነው እያለ ለአከራዬ ሁሉ አወራ።
ሻይ ላፍላ ብዬ ወጣሁ። እነዚያ አውሮፓውያን አንዳቸውም ወርቃን አላዩም፤ ክፍላቸው ተቀምጠው ፈረዱ። እኔ የባስኩ ነኝ። ሰዎቹን ፊቴ አስቀምጬ፣ እንዳይሰሙ አድርጌ ላስፈርድባቸው ነው። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ዓርብ፤ ጠዋት 1፡30
መሰላሉን ወደ አማርኛው መለስኩት፤ ማን እንደሠራው፣ የት ተቀምጦ እንደሠራው ጭምር። ለዶክተሩ ደወልኩ። አንብቤ ስጨርስ፣ ከፈታኞቹ በፊት ሽማግሌዎቹ መልስ ይስጡ አልኩት። ደንቡ አይፈቅድም፣ ማስተርስሽን አታበላሺ አለ። በኋላ ግን የፈታኞቹን ሰብሳቢ ልጠይቅ አለ። እስካሁን አልደወለም። ቢፈቅዱም ባይፈቅዱም አነባለሁ።
የምፈራው ግን ፈታኞቹን አይደለም። አባባ በር ላይ ቆሞ ጫማውን እየጠረገ ነው፤ ቶሎ በይ ይላል። ባጃጁ ውስጥ መሰላሉን እነግረዋለሁ፣ አንድም ሳላስቀር። ቢቀየም ይቀየም። ሳያውቅ አይመርቀኝም። እየጠራኝ ነው፣ ልሂድ።