የመሪው አጋዘን ቃጭል

ልጄ ሪስተን፣

ባለሽበት አገር ክፉ አይንካሽ፤ የሰው ፊት አይጥቆርብሽ። እህትሽ በሰላም ተገላግላለች፤ ልጇ አፍንጫው ቁርጥ የአንቺን ነው። የኢናሪ ሐይቅ በረዶ ግን ዘንድሮ ቶሎ ሳስቷል።

አባትሽ ከትናንት ወዲያ እንደወጣ አልተመለሰም። አንቺ የሠራሽውን፣ መንጋው ያለበትን በስልክ ላይ በነጥብ የሚያሳየውን መሣሪያ በመሪው አጋዘን አንገት ላይ ካሰረ ወዲህ ቃጭሉን አውልቆ ጥሎት ነበር። «የልጄ ኔትወርክ እያለ ቃጭል ምን ይሠራልኛል?» እያለ ጎረቤቱን ሁሉ ሲያስቀና ከረመ። መሣሪያው ባትሪ ለመቆጠብ በቀን አንዴ፣ እኩለ ቀን ላይ ብቻ እንደሚናገር ነግረሽን ነበር። እሱ ግን ጠዋት ስልኩን ሲከፍት ነጥቧን ከሐይቁ ማዶ አያት። ያለፈው ቀን ነጥብ መሆኗን ረስቶ በበረዶ ላይ በሚነዳው ሞተሩ ሐይቁን ሊያቋርጥ ሄደ።

መንጋው በዚያው ቀን በሌላ በኩል ዞሮ በራሱ መጣ። አሁን ነጥቧ ጓሯችን ላይ ናት፤ የሱ ስልክ ግን አይጠራም። ጎረቤታችን ዮውና ከፍለጋ ሲመለስ «ያ ግትር ሽማግሌ ባዶ እጁን መግባት አፍሮ ነው» አለኝ። ሲለኝ ግን ዓይኔን አላየም።

አልወቅስሽም ልጄ። ቃጭሉን ከዕቃ ቤት አውጥቼ ወደ ሐይቁ ዞሬ እያቃጨልኩ ነው፤ ይህን የምጽፍልሽ ክንዴ ሲዝል ነው። መሣሪያሽ ከተኛ ማንም አይቀሰቅሰውም ብለሽኛል። አንቺ ግን እባክሽ ስልክሽን አትዝጊብኝ።

እግዚአብሔር አንቺን ይጠብቅልኝ፣ እሱን ይመልስልኝ። ከመጣ ቃጭሉን የማስረው በእሱ አንገት ነው።

እናትሽ ኤለ