የምስር ዋግ አሳዳጊው የሕይወት ታሪክ

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ከባድ ጉዳይ ለሐዘንተኞች በይፋ እናሳውቃለን። ሟቹ ለስንብት የለበሱት ኮት በቤተሰቡ ፊት ተፈትሾ ከኪሱ አሥራ ሰባት የምስር ፍሬ ተገኝቷል። ፍሬዎቹ በፖስታ ታሽገው ሟቹ ለሠሩበት የግብርና ምርምር ጣቢያ ተመልሰዋል። ስለዚህ አትጨነቁ።

በ1946 ዓ.ም. ከቁልፍ ሠሪ አባታቸውና ከትምህርት ቤት ጸሐፊ እናታቸው፣ አራተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። በ1968 ዓ.ም. ከግብርና ኮሌጅ ተመርቀው በጣቢያው የጥራጥሬ ክፍል ተቀጠሩ። በ1973 ዓ.ም. የጣቢያውን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አግብተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

ምስርን ዋግ የሚባል ሻጋታ ያጠቃዋል፤ ቅጠሉ የዛገ ይመስላል፣ ማሳውም እያያችሁት ይጠፋል። ሟቹ ዋግ የማይደፍረው አንድ የዱር ምስር ነበራቸው። ፍሬው ጥቁር፣ ደቃቃ፣ ዞር ብሎ የሚያየው የሌለ። የእሱን ጥንካሬ ለደህናው ምስር ለማውረስ አበባ በወረንጦ እየከፈቱ ሲያዳቅሉ ኖሩ። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሁሉም ጤነኛ ሆኑ። ከልጅ ልጆቹ ግን ከአራት ሦስቱ ጤነኛ፣ አንዱ በሽተኛ መሆን ነበረበት፤ ጥንካሬው በአንድ ዘረ መል እንደሚወረስ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ለዚህ ፈተና ደግሞ በሽታው ራሱ ያስፈልጋል። እናም በማሳው ዙሪያ ቶሎ የሚታመም ምስር ዘርተው፣ ጤዛ እንዳይጎድለው ውሃ እየረጩ፣ ዋጉን አሳደጉት። «የበሽታው አባት» የሚለው ቅጽል የወጣላቸው በዚህ ነው።

በ2006 ዓ.ም.፣ ጡረታቸው ሊደርስ ወራት ሲቀሩት፣ ለስብሰባ ሄዱና ማሳውን ለባለቤታቸው ወንድም አደራ ሰጡት። እሱ የዕድሜ ልክ ነርስ ነው፤ የታመመ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ዙሪያውን ሁሉ መድኃኒት ረጨው።

ሲመለሱ በር ላይ ጠበቃቸው። «እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ! አንድም የታመመ የለም!»

«ገደልከኝ!» አሉት። «በሽታዬን ፈጀኸው እኮ!»

ፈተናው ሳይደረግ ጡረታ ወጡ፤ ማሳውም ለሌላ ሰብል ተሰጠ። ከልጅ ልጆቹ የቀረችው ዘር በብልቃጥ ሆና ከቅቤና ከመርፌ መድኃኒት ጋር በቤታቸው ማቀዝቀዣ ተቀመጠች። ሁለቱ ሰዎች ለአሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። በአንድ ገበታ ሲቀመጡ እንኳ ጨው የሚተላለፈው በባለቤታቸው በኩል ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ሳንባቸው ታመመ፤ ሐኪሞቹም ጊዜው አጭር መሆኑን አልሸሸጉም። በአባቷ የጥራጥሬ ክፍል ተመራማሪ የሆነችው ልጃቸው ፈቃድ አውጥታ ዘሩን በጣቢያው ማሳ፣ ዙሪያውን በበሽተኛ ምስር ከብባ ዘራች። የሟቹ ጭንቀት ሞት አልነበረም፤ ውጤቱን ሳይሰሙ መሄድ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው የሆስፒታሉን ክፍል በር በርግዳ ገባች። ከሁለት መቶ አርባ ችግኝ መቶ ሰማንያ አንዱ ጤነኛ!

«በሽተኛውስ?»

«ሃምሳ ዘጠኝ፣ አባዬ!»

«ተመስገን!» ብለው ሲጮኹ የአጠገባቸው ታማሚ አስታማሚ ደንግጣ ነርስ ጠራች። ከዚያ ዋጉን ውሃ ያጠጣው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ልጃቸው በሩ ላይ ወደቆመው አጎቷ አመለከተች። የባለቤታቸው ወንድም ማንም ሳይልከው በየማለዳው እየሄደ ውሃ ይረጭ ኖሯል።

«መድኃኒት አልረጨህም?»

«አልረጨሁም።»

«አንጀትህ ቻለው?»

«አልቻለም። ግን አልረጨሁም።»

«በል ቁጭ በል፤ ወንበር አለ።»

ያን ሌሊት፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እስኪነጋ ተኙ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ምንም ሳይቀራቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ሁለት የልጅ ልጆችን ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሻጋታ በማይደርስበት ስፍራ ያኑርልን፤ ለእኛም የእሳቸውን ያህል ትዕግሥት ይስጠን።

የባለቤታቸው ወንድም፣ ማንም ሳይጠይቀው ለምን እንደተመላለሰ ለዚህ ጽሑፍ እንዲያስረዳ ሁለት ጊዜ ተጠይቋል። ሁለቱንም ጊዜ የመለሰው ይኸው ነው፦ «ሄድኩ፣ ረጨሁ፣ ተመለስኩ። ሌላ አትጠይቁኝ።»