መኪናዋ ደርሳለች፤ እኔ ግን አልፈርምም

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። የእማዬ እግር እንደምታውቀው ነው፤ ምላሷ ግን ከሁላችንም ጤነኛ ነው።

«ክፈይና ተገላገይ» ብለህ የጻፍክልኝ ደርሶኛል። ይቅር በለኝ ወንድም ጋሼ፣ አልከፍልም።

መኪናዋን ያዘዝነው እማዬ ለሕክምና ስትመላለስ በክራንች አውቶብስ ፌርማታ ላይ እንዳትቆም ነው። በአራት ወር ትደርሳለች ያሏት መኪና ዓመት ከመንፈቅ ፈጀች። ስደውል ዛሬ ነገ እያሉ ሲያደርቁኝ ከረሙ። አሁን ደረሰች ብለው ጠሩኝና ውሉ ላይ የሌለ «የማዘጋጃ ክፍያ» አመጡ፤ በአሥር ቀን ካልፈረምሽ ለሚቀጥለው ተረኛ እንሰጣለን አሉኝ። ምኗ ነው የሚዘጋጀው ብዬ ስጠይቀው ሻጩ መታጠቧና የወንበሯ ላስቲክ መነሳቱ ነው አለኝ። ላስቲኩን እኔው በመቀሴ አነሳዋለሁ አልኩት።

መጋረጃ ስሰፋ ስንት ዓመቴ ነው? መስኮት ለክቼ፣ ዋጋ ተስማምቼ፣ ጨርቁን ከቆረጥኩ በኋላ ክር ተወደደ ብዬ ማንም ላይ ጨምሬ አላውቅም። ብጨምር ደግሞ ማን በሬን ያንኳኳል?

ስለዚህ ስፌቴን ይዤ መሸጫ አዳራሻቸው ገብቼ ተቀመጥኩ። ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ጠርዝ እያጠፍኩ፣ ለሚገባው ገዢ ሁሉ ከመፈረማችሁ በፊት የመጨረሻውን ዋጋ አስጽፉ እላለሁ። ዛሬ ሁለት ሰዎች ሳይፈርሙ ወጡ። ወዲያው ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራኝና ክፍያውን ለአንቺ ብቻ እንተወዋለን፣ ለማንም እንዳትናገሪ አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እሺ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከበሩ ውጪ እንደኔው ዓመት ከመንፈቅ የጠበቀ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ተራውን ይጠብቃል። ለሁላችንም በጽሑፍ ካልተዋችሁት ንቅንቅ አልልም ብዬው ወጣሁ።

አልዋሽህም፣ ፈርቻለሁ። አራት ቀን ነው የቀረኝ። መኪናዋን ለሌላ ከሰጧት እማዬ ክረምቱን እዚያው ፌርማታ ላይ ዝናብ ሊመታት ነው። ከሰዓት ቤት ስገባ ይህንኑ ነግሬያት ልፈርም ወይ አልኳት። በእኔ እግር አሳበው ሊዘርፉሽ ነው እንዴ ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ውሉን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው፤ ክራንቿንም በሩ አጠገብ አስቀምጪልኝ አለችኝ። ነገ በመጀመሪያው አውቶብስ አብራኝ ልትሄድ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ሁለት ወንበር እንይዛለን።

ባለቤትህን ጉንጯን ሳምልኝ። ትልቁን ልጅ በርታ በለው፤ ትንሿን እቅፍ አድርግልኝ። አማትህንም ጤና ይስጥልኝ በልልኝ። እማዬ ሁለቱንም ጉንጭህን ስማሃለች፤ «ክፈይ» ስላልክ ግን ጆሮህን ቆንጥጣሃለች።

የማትፈርመው እህትህ

ከስፌት ማሽኔ ጠረጴዛ
ሐሙስ፣ ሰኔ 4 ቀን