ዝም ያለችው የእማ ድመት

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለአዲስዓለም፤

ጤናሽን፣ እንቅልፍሽን፣ ያን ክፉ ሙቀት እንዴት እንደቻልሽው እየጠየቅሁ የናፍቆት ሰላምታዬን እልክልሻለሁ። የአሠሪዎችሽ ልጆችስ ለመዱሽ? ይህችን ወረቀት ዓለሚቱ ወደ ኩዌት ስትመለስ እንድትይዝልኝ ብዬ በጥድፊያ ነው የምጽፍልሽ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ እማ ያሳደገቻት ድመት፣ ውሮ፣ ልትሞትብን ነበር። ምጥ ይዟት ልጇ ሆዷ ውስጥ ቀረ። እማ በነጠላዋ ጠቅልላ ጋፋት ካለው ቤቷ እኔ ዘንድ ይዛት መጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ብቻዋን በምትኖርበት ቤት ከውሮ ሌላ ማን አላት? ኤሌኒ የምትባል የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይዘናት ሮጥን። አደንዝዛ፣ ሆዷን ከፍታ፣ የሞተውን አውጥታ ሰፋቻት።

ውሮ ስትነቃ ጥግ ይዛ ዝም አለች። እማ ኩራት ኩራት ብሏት፣ እንዴት ያለች ጨዋ ናት፣ ትንፍሽ አላለችም እኮ እያለች ወደ ቤቷ ልትወስዳት ተነሣች። መቼም በእኛ አገር የሚመሰገነው ሕመሙን የዋጠ ነው፤ እኔም ደህና መስላኝ ነበር። ኤሌኒ ግን፣ ምን ዓይነት ሰው መሰለችሽ፣ ከውሮ ፊት ቁጢጥ ብላ ታያት ጀመር። ጆሮዋ ወደ ጎን መዞሩን፣ ዓይኗ መጥበቡን፣ አፏ ዙሪያ መወጠሩን፣ አንገቷን መድፋቷን አሳየችን። ድመት ሲያማት ትሸሸጋለች እንጂ አትጮህም፣ እኔን የሚያስፈራኝ ዝምታዋ ነው አለችን። ማስታገሻ ጨምራ ወጋቻት፤ እየተመላለሰችም ፊቷን ታይ ነበር። እጇ ይባረክ! እንዲህ ያለ ትዕግሥት ለሰው እንኳ ሲደረግ አላየሁም።

አመሻሹ ላይ የውሮ ጆሮ ቀና አለ፤ ወተቷንም ልቅም አድርጋ ላሰች። እማ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ኤሌኒን እየመረቀች ከወንበሩ ስትነሣ ታዲያ ወገቧን ያዝ አደረገች። ኤሌኒ እሷንም እንደ ውሮ ፊቷን ታያት ጀመር። እማ ተመልሳ ተቀመጠች፦

«እኔንም ከአጨዳው ወዲህ ወገቤን ያመኛል፣ ልጄ።»

እኔ ልጇ ከአፏ ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ አለቀስሁ። በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኋት። መድኃኒት ጀምራለች፤ ሐኪሙም ይሻላታል ብሏል።

ባለቤቴ ይሻው በብርቱ ሰላም ብሎሻል። ልጄ ፍሬሕይወት ጉንጭሽን ትስማለች፤ ጎረቤታችን እትዬ አበበችም እንዲሁ። እማ እስከ ዛሬ «ደህና ነኝ በያት» ነበር የምታዝዘኝ። አሁን አጠገቤ ተቀምጣ፣ «አሟት ነበር፣ እየታከመች ነው ብለሽ እውነቱን ጻፊላት» ትለኛለች። አንቺም እውነቱን ጻፊልን።

እህትሽ ሙላቴ
ደብረ ታቦር፣ የካቲት 3 ቀን 2011 ዓ.ም.