ከአንድ ወገን የተሳበ ገመድ

ይድረስ ለእታለም የትምወርቅ፣ ሪያድ ካለሽበት። የዘንድሮ ሙቀት እንዴት አደረገሽ? እኔና እማዬ ናፍቆትሽ ነው እንጂ ሌላ የጎደለብን የለም፤ ይመስገነው።

ድልድያችን አለቀ። ባለፈው ሳምንት ቄሱም ሼሁም መርቀውት መኪና ተላለፈበት። ከመካነ ሰላም የሚመጣው ሚኒባስ አሁን ደጃችን ድረስ ይገባል። ሰዉ በስሜ «የዋለ ድልድይ» ይለዋል፤ ተዉ ብል ማን ይሰማኛል።

ሥራህ ምንድን ነው ብለሽኝ ነበር። ድልድዩን የሚይዘው በኮንክሪቱ ውስጥ በቱቦ ያለፈ የብረት ገመድ ነው። ገመዱ በማሽን ሲሳብ ከቱቦው ጋር ስለሚፋተግ ጉልበቱ ሁሉ ማዶ አይደርስም። መንገድ ላይ የሚቀረውን አስቀድሜ የማሰላው እኔ ነኝ። ያሰላሁት ለንጹሕ ቱቦ ነበር፤ የኛዎቹ ግን አፋቸው ሳይከደን ክረምቱን ከርመው ዝገዋል። ሃያ አንድ ሳንቲሜትር ይለጠጣል ያልሁት ገመድ አሥራ ሰባት ላይ ቆመ፤ ጉልበቱን ዝገቱ በልቶት ማዶው ላልቷል ማለት ነው።

ነፍሱን ይማረውና አባባ የበቅሎ ጭነት ሲያስር ከአንድ ወገን ስቦ አይበቃውም ነበር፤ ዞሮ ከወዲያም ይስባል። እኔም ከማዶ እንሳበው አልሁ። አለቃዬ «የምረቃው ቀን ተቆርጧል፤ ፈርም» አለኝ። ፈረምሁ። በማግስቱ ቱቦው በሲሚንቶ ተሞላ፤ ከእንግዲህ ገመዱን የሚነካው የለም።

እማዬ ደህና ናት። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በድልድዩ ሳይሆን በወንዙ ውረጂ ስላት ትቆጣኛለች።

ለፋሲካ ስትመጪ ድልድዩ ጋ ሳትደርሺ ከሚኒባሱ ውረጂ። ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ሻንጣሽን ተሸክሜ በወንዙ አሻግርሻለሁ፤ ውኃው በበጋ ከጉልበት አያልፍም።

እመቤቴ በሰላም ታግባሽ።

ወንድምሽ ዋለ