ያልታሰረው ቋጠሮ

ሐሙስ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቢቸና

የባዮሎጂ መምህራችን ዛሬ፣ ማር በውኃ ሲበረዝ ውስጡ ያለው ኢንዛይም ኦክስጅን ይበላል አሉን። ቤት ስገባ ለእሁዱ የእህቴ ሠርግ የተጣለውን የጠጅ ጋን ከፈትኩ። ኢንዛይሙን በዓይኔ የማየው መስሎኝ ነበር፤ ያየሁት አረፋ ብቻ ነው። ጨርቁን መልሼ ባስረውም እማዬ ወዲያው ለየችው።

«ይሄ የእኔ ቋጠሮ አይደለም። ማነው የፈታው? አየር ከገባው እኮ ይኮመጥጣል!»

«ድመቷ ትሆናለች።»

«ድመቷ ደግሞ መቋጠር ተማረች?»

የገባውን አየር ኢንዛይሙ እስከ እሁድ ይጨርሰው ይሆን? መምህሩን ብጠይቃቸው ይነግሩኛል። ነገ እጄን አወጣለሁ። ዛሬም ጠዋት እጄን አወጣለሁ ብዬ ነበር፤ አላወጣሁም። እስካሁን ሦስት ጊዜ ሄጄ ጋኑን በጨርቁ ላይ አሸተትኩት...