በግድግዳ በኩል የተማርሁት ቅኔ

የኔታ፣ ባለቤቴ፣ ነፍስዎን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልኝ። ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ሲገባ ወደ ዓባይ በረሃ ወረዱ፤ ቶሎ እመለሳለሁ ብለውኝ ነበር፣ ወባ ቀደመዎት። ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈላት እንዳይሉ። ዳዊት መድገሜን እንጂ መጻፌን መቼ ያውቁና!

ቤቱ እንዳለ ነው። በቅሎዋን ወታደሮቹ ወሰዷት። ተማሪዎችዎ ተበትነው ጎጆዎቻቸው ፈረሱ፤ እንጨቱን አነደድሁት፣ ምን ላድርግ። የቅኔ መጽሐፍዎን ግን ጤፍ ጎታ ውስጥ ቀብሬ ከፍተሻ አተረፍሁት።

በሙሽርነቴ ቅኔ ያስተምሩኝ ብዬ ብለምንዎ ሳቁብኝ። ቅኔና ድስት ባንድ ጉልቻ አይጣድም አሉኝ። አንጀቴ እርር ነበር ያለው፣ አሁን ልንገርዎት። አሥራ ስምንት ዓመት ድስቴን ጥጄ ለተማሪዎችዎ የሚሉትን በግድግዳው በኩል ሰማሁ። እርስዎ ካረፉ ወዲህ መጽሐፉን አውጥቼ በየቀኑ አንድ ቅኔ እየቆጠርሁ፣ ከራሴ እያወጣሁ፣ መደብዎ ፊት ቆሜ እል ጀመር። ተማሪ ሲሳሳት ጉሮሮዎን ይጠርጉ አልነበር? የሚጠርግልኝ ቢጠፋ እኔው ለራሴ ጠረግሁ።

ባለፈው ወር ገበያተኛ መስዬ ሮብ ገበያ ወጣሁ። ከጣሊያን የተሸሸጉ ሊቃውንት እዚያ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ዘርግተዋል፤ ፊታቸው ቀርቤ መምህርነቴን ላስመሰክር ነው። ደንቡን ያውቁታል፣ መምህሩን ላልጠራ አይመሰከርለትም። የእርስዎን ስም ብጠራ ነገሩ ባለቀ። አፌ እምቢ አለኝ፤ ማንም አላስተማረኝም አልሁ። አንዱማ የሴት ድፍረት ብለው ብድግ አሉ። ከቁይ የመጡት ዓይነ ስውር መሪጌታ ግን፣ የድሮ ተማሪዎ፣ እስቲ ትቀኝ አሉ።

ባለ ስምንት ቤቱን መወድስ ተቀኘሁ። መጨረሻው ቤት ላይ ሳትሁ። ሳይታወቀኝ ጉሮሮዬን ጠረግሁና አረምሁት። ዓይነ ስውሩ ሳቁ፣ ወዲያው እንባቸው ወረደ። ይህን ጉሮሮ አውቀዋለሁ፣ መምህር የላትም አትበሉ አሉና በእርስዎ ስም መሰከሩልኝ። እየተመለስሁ መንገዱን ሁሉ አለቀስሁ፤ ግማሹ ናፍቆት፣ ግማሹ ንዴት ነው።

አሁን ጎጆዎቹን መልሼ እየሠራሁ ነው። ተማሪዎች መምጣት ጀምረዋል፣ አንዷ ሴት ናት። እስከ ዕለተ ሞቴ ጉባኤ በከፈትሁ ቁጥር አስቀድሜ ስምዎን እጠራለሁ። እንዳላስተማሩኝም አብሬ እናገራለሁ።